የአረንጓዴዋ ጂ.ቲ.ኦ ሽያጭ

ፍሊንት፣ ሚሺጋን
ሜይ 17 ቀን 1998

ውድ ወንድሜ ዌንደል፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ሮበርታ በእውነት ደህና ናት፤ እኔ ደግሞ እሷ ደህና ነህ ካለችኝ ደህና ነኝ። ለሃምሳኛ ዓመት ልደቴ የላክኸው ካርድ ደርሶኛል። «ሽማግሌው» ብለህ ያሾፍክበትን አንብቤ ስቄአለሁ፤ ስድሳ ሊሞላህ ሁለት ዓመት የቀረህ ሰው ግን አፍህን ብትሰበስብ ይሻልሃል።

በካርዱ ጀርባ ስለ አረንጓዴዋ መኪና፣ ስለ ጂ.ቲ.ኦዋ ጠይቀሃል። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው፤ ልሸጣት ነው። ምክንያቱን ዛሬ አትጠይቀኝ። ገዢው ፊልቢን የሚባል የቶሊዶ ሰው ነው። ያረጁ መኪኖችን ይገዛና ከፋብሪካ እንደወጡ አድርጎ ይመልሳቸዋል፤ አሁን ፋሽኑ ይኸው ነው። በስልክ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ተነካክታለች?» ብሎ ነው። «አዎ፣ ባለቤቷም ጭምር» አልኩት። አልሳቀም። እግር የሌለኝ ሰው መሆኔን ገና አልነገርኩትም ነበር።

ስነግረው «ታዲያ በምን ትነዳታለህ?» አለኝ። አንተ የሠራህልኝን የእጅ ዘንግ አስረዳሁት፤ ወደ ፊት ሲገፋ ፍሬን፣ ወደ ራስ ሲሳብ ነዳጅ መሆኑን። «ታዲያ እሱ ይነቀላላ?» አለኝ። ይነቀላል አልኩት። ምን እላለሁ፣ የሚገዛው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ይህችን መኪና ለራስህ አዲስ ገዝተህ፣ ከቬትናም ስመለስ ሠርተህ ቁልፏን ጭኔ ላይ ካስቀመጥክልኝ ሃያ ስምንት ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ከጎኔ ተቀምጠህ አታውቅም። በሠርጌ ዕለት በዚያ ዝናብ በራስህ መኪና ተከተልከን። እማዬን ስንቀብር ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ሄድክ። ብዙ ጊዜ ሆድ ይፍጀው እያልኩ አልፌዋለሁ። አሁን ግን መኪናዋ ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን መጥተህ ከጎኔ ብትቀመጥ ደስ ይለኛል። ከአሪዞና እስከዚህ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለመንኩህ።

ወንድምህ ዳርል


ዩማ፣ አሪዞና
ጁን 2 ቀን 1998

ውድ ዳርል፣

ለሮበርታ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ስልክ የማልደውለው ኮርቼ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከብረት መቅረጫ ማሽኖች አጠገብ የቆመ ጆሮ ምን ይሰማል? ባለፈው ስትደውል የሰማሁት ስሜን ብቻ ነው። በጽሑፍ እንሻላለን።

ለሰውየው እውነቱን ንገረው። ባለ አራት ማርሹን ካምቢዮ በ1969 አውጥቼ አውቶማቲክ አግብቼባታለሁ፤ ፍሪሲዮን እግር ይፈልጋልና። ያወጣሁትን ሸጬዋለሁ፣ አይገኝም። ወለሉ ላይ የዘንጉ መያዣ የታሰረባቸው ስድስት ቀዳዳዎች አሉ። የወንበሩን ሐዲድ አራት ኢንች ወደ ኋላ አርዝሜዋለሁ። ሞተሯንም በ1973 አንተ አላስቀምጥ ብለኸኝ አጎልብተናታል፤ ያ የአንተ ጥፋት ነው። ይህን ሁሉ ሳትነግረው ብትሸጥ ስምህ ይጠፋል፣ የእኔም አብሮ ይጠፋል።

መምጣቱን በተመለከተ፣ እዚህ ሙቀቱ ጀምሯል፣ የፒክአፔም የውሃ ፓምፕ ያንጠባጥባል። ለሚቀጥለው ዓመት እናስብበት።

ከሁሉ ይልቅ ለምን እንደምትሸጣት አልነገርከኝም።

ዌንደል


ፍሊንት
ጁን 21 ቀን 1998

ውድ ዌንደል፣

«ለሚቀጥለው ዓመት» አልክ። በሚቀጥለው ዓመት መኪናዋ የለችም ብዬ መጻፌን ማንበብ አቅቶህ አይደለም። ለማንኛውም የውሃ ፓምፕህን ይማረው።

ለምን እንደምሸጣት ጠይቀሃል። ትከሻዎቼ አልቀዋል። ዊልቸር የሚገፋው በትከሻ፣ መኪና የሚነዳው በትከሻ፣ ከአልጋ የሚወረደው በትከሻ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን እያሳየኝ «ይህ የሰማንያ ዓመት ሰው ትከሻ ነው» አለኝ። ኖቬምበር ላይ ግራውን በቀዶ ጥገና ይከፍቱታል፣ ከዚያ ቀኙን። ከዚያ በኋላ መንዳት የለም። ባልነግርህ ይሻል ነበር፤ ስለ መኪናዋ እንጂ ስለ እኔ እንድትመጣ አልፈለግኩም።

ፊልቢን ሐሙስ ዕለት መጣ። ባትሪና መስታወት ይዞ ሁለት ሰዓት ሆዷ ሥር ተንፏቀቀ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ «ውይ! ውይ!» ይላል። ሮበርታ ሰልችቷት፣

«አባቴ፣ መኪና ነው የሚገዙት ወይስ አስከሬን እየመረመሩ ነው?» አለችው።

«እመቤት፣ ይህን ወለል የቀደደው ሰው እጁ ወርቅ ነው፤ ግን ገደላት» አላት።

«እሱ ገደላት፣ ባሌን ደግሞ አዳነው» አለችው። ከዚያ በኋላ «ውይ» ማለቱን ተወ።

ምንጣፉን ሲያነሳ ግን እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ያላየሁትን አየ። የዘንጉ መያዣ ሆድ ላይ የስምህ መነሻ ሁለቱ ፊደላት በማኅተም ተመትተዋል፤ እናንተ ብረት ቀራጮች የሠራችሁትን ሁሉ ስማችሁንና ቀኑን ሳትመቱበት አታሳልፉም። ቀኑ ማርች 11፣ 1969 ይላል።

ዌንደል፣ በዚያ ቀን እኔ ጃፓን ሆስፒታል ነበርኩ። እግሮቼ ከተቆረጡ አምስት ቀን አልሞላኝም። እማዬ ወሬውን የሰማችው ማርች 19 ነው፤ እስክትሞት ድረስ ቀኑን አልረሳችውም። «ለዌንደል ስነግረው ወንበር ይዞ ተቀመጠ» ትል ነበር። ታዲያ አንተ እማዬ ከመስማቷ ስምንት ቀን ቀድመህ እግር ለሌለው ሰው የሚሆን ዘንግ እንዴት ሠራህ?

እንደ ነገሩ ለመጠየቅ ነው። ግን ሳስበው ከረምኩ።

ዳርል


ዩማ
ጁላይ 3 ቀን 1998

ዳርል፣

ስለ ትከሻህ በጣም አዝኛለሁ። የማዝነውን ያህል መጻፍ አልችልም።

ቴሌግራሙ የመጣው ማርች 10 ነው። እማዬ ቤይ ሲቲ አክስታችን ዘንድ ነበረች። ፈርሜ ተቀበልኩ፣ ከፈትኩት። «ሁለቱም እግሮች» ይላል። ኪሴ ከተትኩት። ዘጠኝ ቀን ከኪሴ አልወጣም። በማግስቱ ሥራ ገብቼ ዘንጉን ቆረጥኩ፤ እጄ ሥራ ቢፈታ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ከዚያ እማዬ ሌላ ደብዳቤ ደርሷት ስትነግረኝ እንዳልሰማ ሆኜ ተቀመጥኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ሆነብኝ።

ለምን ደበቅኩ ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። መልስ አለኝ። ዛሬ ግን እጄ እንቢ አለኝ።

ዌንደል


ዩማ
ጁላይ 12 ቀን 1998

ዳርል፣

መልስህን ሳልጠብቅ እየጻፍኩ ነው። ከጠበቅኩ አልጽፈውም።

በ1967 መከር ላይ እኔ በምሠራበት ወርክሾፕ በተለማማጅነት ለመግባት ማመልከትህን ታስታውሳለህ። የብረት ሥራ ተለማማጅ የሆነ ልጅ ወረቀቱን ካሳየ ለውትድርና እንደማይወሰድ አንተም ታውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ፎርማኑ ግሩበር ቢሮው ጠራኝ። የወንድማማቾች ነገር ነውና በዚያ ቤት ልማዱ ይህ ነበር፤ ቀድሞ የገባው ስለ ኋለኛው ቃሉን ይሰጣል፣ ነገሩም በቃሉ ያልቃል።

«ወንድምህ አመልክቷል። ምን ትላለህ?» አለኝ።

«ልጁ ጥሩ ነው፤ ግን እጁ አይረጋም» አልኩት።

ማመልከቻህን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ደቂቃም አልፈጀ።

እጅህ ይረጋ ነበር። ከእኔ ይበልጥ ይረጋ ነበር። አባባ አንተ በአሥራ አምስት ዓመትህ የሠራሃትን መቆንጠጫ በኪሱ ይዞ እየዞረ ለጎረቤት ያሳይ ነበር። የእኔን ሥራ አንድም ቀን አሳይቶ አያውቅም። ስድስት ዓመት የደከምኩበትን ቦታ በስድስት ወር እንደምትቀድመኝ ገባኝና ቀናሁብህ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ጦር ሜዳ ትደርሳለህ ብዬ አላሰብኩም ብልህ ደስ ባለኝ። አስቤዋለሁ። ብዙዎች ይመለሳሉ፣ እሱም ይመለሳል ብዬ ራሴን አታለልኩት።

ከጎንህ ለምን እንደማልቀመጥ ጠይቀኸኝ ነበር። ከጎንህ ብቀመጥ እጆችህን ሳይ ልውል ነው። ያ አስፈራኝ።

ግሩበር ሞቷል። አባባ ሞቷል። እማዬም ሳታውቅ ሞተች። የሚያውቅ አሁን እኔና አንተ ብቻ ነን። ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ግን ይኸው ብያለሁ።

ዌንደል


ዩማ
ኦገስት 9 ቀን 1998

ዳርል፣

አንድ ወር ሆነ። ከሮበርታ አንዲት ፖስት ካርድ ደርሳኛለች፤ «ደብዳቤህን አንብቧል። ይበላል። አትደውል።» ትላለች፣ ሌላ የለባትም። ስለ ጻፈችልኝ አመስግንልኝ።

ስድብም ቢሆን ጻፍልኝ። የፖስተኛው መኪና በመጣ ቁጥር ከደጅ እየቆምኩ ጎረቤቶቼ ምን ሆነ እያሉኝ ነው።

መኪናዋ ሄዳ እንደሆነም አላውቅም።

ዌንደል


ፍሊንት
ሴፕቴምበር 7 ቀን 1998

ዌንደል፣

ሰላምታ አልጽፍም።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ጋራዥ ውስጥ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሮበርታ መጥታ «ምን ይላል?» ስትለኝ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ «ይህ ሰውዬ ቤቴ አይገባም» አለች። ሳምንት ካለፈ በኋላ ሰሃን እያጠበች «ታዲያ ሲመጣ የት ነው የምናሳድረው?» አለችኝ። እኔ ግን እዚያ አልደረስኩም ነበር።

እጁ አይረጋም አልክ። በእነዚህ እጆች ሃያ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ። ልጄ ኮሊን የተወለደች ዕለት ከሆስፒታል እስከ ቤት በበረዶ ላይ አምጥቻታለሁ። ሁለት እግር ያላቸውን ወንዶች ቀይ መብራት ሲለቀን ከኋላዬ ጥዬ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ተጋጭቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ አንተ ታውቃለህ፤ እያወቅክ ዝም አልክ። እግሬን ያጠፋው ፈንጂ ነው፣ አንተ አይደለህም። ያንን በፈንጂው ላይ እተወዋለሁ። ዝምታህን ግን በማን ላይ ልተወው? በየገናው እጄን ስትጨብጥ ዓይንህን የምትሰብረው እግሬን አይተህ የሚቀፍህ እየመሰለኝ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሱሪዬን እያጣጠፍኩ ስደብቅልህ ኖርኩ። ዓይንህን የምትሰብረው ከእጄ እንደሆነ ብትነግረኝ ኖሮ እጄን እሰውርልህ ነበር።

ፊልቢን ቀብድ ከፍሏል። ሥራውን በዝርዝር ጽፎ አሳይቶኛል። ቀዳዳዎቹን በይዶ ስቱኮ ይመታባቸዋል፣ የድሮዋን ካምቢዮ አምሳያ ያፈላልጋል፣ ወንበሩን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ያንኑ አረንጓዴ ይቀባታል። ሲጨርስ ማንም ነክቷት የማያውቅ ትመስላለች። አንብቤ እስክጨርስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ዌንደል ከእኔ የሚፈልገው ይህንን ነው አልኩ ለራሴ። እንደዚያ ያለ ሥራ የምሠራ ሰው አይደለሁም። የተቀደደው እንደተቀደደ ነው።

ኦክቶበር 5 ሰኞ ሊወስዳት ይመጣል። አንተ ቅዳሜ 3 እዚህ ድረስ። ከጎኔ ተቀመጥ ብዬ ለምኜህ ነበር፤ ልመናዬን አንስቻለሁ። አንተ ትነዳለህ። በእጅህ። እኔ ከጎንህ ተቀምጬ እያየሁህ። ካልመጣህ ሌላ ደብዳቤ አትጻፍልኝ።

ዳርል


ዩማ
ኦክቶበር 14 ቀን 1998

ውድ ዳርል፣

እሁድ ከእናንተ ዘንድ ተነስቼ ባለፈው ሐሙስ ገባሁ። መንገዱ አራት ቀን ወሰደብኝ። ፓምፑ ቃሉን ጠብቆ እስከ ቤት አደረሰኝ። ሮበርታ ለመንገድ የቋጠረችልኝን የሥጋ ዳቦ ሚዙሪ ላይ ጨረስኩት፤ «ለሰው አትስጥ» ስላለችኝ ለማንም አልሰጠሁም። እኔን አሁንም እንደማትወደኝ ነግራኛለች፣ የምትወደውን ሰው ግን ከዚህ የበለጠ እንዴት ታበላው ይሆን?

መኪናዋ ሰኞ በሰላም ተጭና መሄዷን የጻፍክልኝ ካርድ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። ፊልቢን የነቀለውን ዘንግ ልላክልህ ወይ ብሎህ፣ «ብረት ነው፣ ከብረት ጋር ጣለው» እንዳልከውም ጽፈሃል። ልክ ነህ። ሠሪው እኔ ነኝ፣ እኔም አልፈልገውም።

ያን ቅዳሜ ስላለፈው ነገር በቃል ብዙ አልተነጋገርንም። ጫማህን አውልቅ ስትለኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ጫማውን አውልቆ በካልሲ፣ እግሩን ከወንበሩ ሥር አጣጥፎ የሚነዳ ሽማግሌ ሳጊኖ ጎዳና አይቶ አያውቅ ይሆናል። የመጀመሪያው መብራት ላይ እግሬ ፍሬን ፍለጋ ዘለለ። «እግርህን ተወው! እግር የለህም!» ብለህ ስትጮህብኝ ከጎናችን የቆመችው ሴት መስኮቷን ዘጋች። ከወንዙ ማዶ ስንደርስ ትከሻዬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሃያ ደቂቃ ነው የነዳሁት። ከዚያ የቋሊማ ሳንድዊች የሚሸጥበት ኮኒ ቤት ደጃፍ አቁመን እስክትበላ ድረስ እጄን ማንሳት አቅቶኝ የእኔ ምግብ ቀዘቀዘ። አይተኸዋል፤ የራስህን በልተህ ጨረስክ። አንድ ነገር ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

ዘንጉን ስሠራ ገፊ ጉልበቱን አስልቼ ነበር። በወረቀት ትክክል ነበር። በትከሻ ግን ሞክሬው አላውቅም ነበር። በሁለት እግሬ ቆሜ ሠራሁና በአንተ ትከሻ ሃያ ስምንት ዓመት አስሞከርኩት። የዘንጉን ክንድ ሁለት ሦስት ኢንች ባረዝመው ኖሮ ያነሰ ጉልበት ይበቃህ ነበር። ይህን የማውቀው አሁን ነው፤ አንድ ጊዜ ከጎንህ ብቀመጥ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት አየው ነበር።

ማታ ከመኪናዋ ልናወርድህ ስንል ሮበርታ «በብብቱ ሥር ግባ» አለችኝና ያዝኩህ። ሃያ ስምንት ዓመት አንስቼህ አላውቅም። ልጥልህ ምንም አልቀረኝም። አንተም አወቅክ፣ አንገቴን ጨምድደህ ያዝክ። ስንገባ በሩ ላይ ይቅር ብለኸኛል ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። «አላልኩህም» አልከኝ። ቀጥለህ ደግሞ «ኖቬምበር ላይ ትከሻዬን ሲቀዱኝ ሮበርታ ብቻዋን አታነሳኝም» አልክ። ያንን እዚያው በሩ ላይ ቆሜ መመለስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ያዝኩ። ዝምታ የለመደ ሰው መልካሙንም ይውጠዋል። ስለዚህ አሁን በጽሑፍ እመልሳለሁ።

ቤቱን ለጎረቤት አከራይቼዋለሁ። ኖቬምበር 8 እዚያ እደርሳለሁ፤ ሁለቱም ትከሻዎችህ እስኪድኑ እቆያለሁ፣ ሮበርታ ጋራዡ ውስጥ ካሳደረችኝም ጋራዡ ይበቃኛል። እስከዚያ ያለኝ ሦስት ሳምንት ተኩል ነው። ዛሬ ጠዋት ከግንባታ ዕቃ መደብር የአሸዋ ከረጢቶች ገዝቼ አልጋዬ አጠገብ ደርድሬአለሁ፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ እያነሳሁ እለማመዳለሁ።

ስንት ፓውንድ እንደምትመዝን ጻፍልኝ። አትቀንስ።

ወንድምህ ዌንደል